ማብሪያ የሌለው ሳጥን

ከኦስሎ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ በረዶው ነው። በረዶ አለ፤ ይበርዳል፤ እሱን በዚሁ እንለፈው። እኔ ለመጻፍ የተነሳሁት ስለ ዘጠኝ ቀን ጉዞ፣ ስላሳደሩኝ ሰዎችና እዚያ ስለሠራሁት አንድ ጥፋት ነው።

በቅድሚያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ከአዲስ አበባ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች የደጋ ከተማ፣ በምህንድስና ኮሌጅ የኮምፒውተር ኔትወርክ መምህር ነኝ። ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በጠመኔ። ዕቃ ጠፍቶ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት በስጦታ የመጡ ስዊቾች፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኙ ጠፍጣፋ ሳጥኖች፣ ከነካርቶናቸው ንብረት ክፍል ተቆልፎባቸዋል። ማውጣት የሚፈልግ ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ መፈረም አለበት፤ የፈረመ ደግሞ ዕቃው ቢበላሽ ተጠያቂ ነው። ዲኑ እኔን ያያል፣ እኔ የንብረት ክፍሉን አቶ ታደሰን አያለሁ፣ አቶ ታደሰ ቁልፉን ያያል። እንዲህ ስንተያይ ሁለት ዓመት አለፈ።

እውነቱን ለመናገር ያልፈረምኩት ኃላፊነቱን ብቻ ፈርቼ አይደለም። እኔም ስዊች በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። በሰሌዳ ተማርኩ፣ በሰሌዳ አስተማርኩ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሰናይት የምትባል የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ስዊቹን በሰሌዳ ስስል እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ማብሪያው በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

«ከኋላ በኩል» አልኳት፤ ቀጠልኩ። ሰናይት ጻፈችው። እኔ ግን አላውቅም ነበር።

ጉዞው የተገኘው በባለቤቴ በኩል ነው። የአክስቷ ልጅ እትዬ የሺ በሱዳን በኩል ወጥታ ኦስሎ ከገባች ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል። እዚያው የተወለደችው ልጇ ሊያ ምህንድስና ትማራለች። ትምህርት ቤቷ በዌብ ሰርቨርና በኔትወርክ የአንድ ሳምንት የእጅ ሥልጠና ሲሰጥ ከውጭ ለሚመጡ ጥቂት መምህራን ቦታ አለው ብላ ቅጹን ላከችልኝ። «ልምድ» በሚለው ቦታ ስድስት ዓመት ብዬ ሞላሁ። የጠመኔ ልምድ መሆኑን አልጻፍኩም።

ቅዳሜ

ዲኑ ሲሸኘኝ፣ «ተምረህ ና፣ ስትመለስ ትፈርማለህ፤ ዘንድሮ የሚመረቁት ገመድ ሳይነኩ አይወጡም» አለ። አቶ ታደሰ በበኩሉ እጄን እንደጨበጠ፣ «ፊርማህን አለማምድ» ብሎ ሳቀብኝ። ከሻንጣዬ ግማሹ ለእትዬ የሺ የተላከ ሽሮና በርበሬ ነው። ሁዳዴ ስለነበር በአውሮፕላኑ ከቀረበልኝ ምሳ ሰላጣውንና ዳቦውን በልቼ ዶሮውን አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሰጠሁ። ሰውየው በጣም አመሰገነኝ፤ ከዚያ እስክንደርስ የልጆቹን ፎቶ ሲያሳየኝ ነበር።

እሑድ

እትዬ የሺ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። አጠር ያለች፣ ፈጣን እርምጃ ያላት ሴት ናት። ወደ ቤቷ ወደ ትሮስተሩድ በሚወስደው የከተማ ባቡር ስንሳፈር ትኬት የሚቆርጥም፣ በር ላይ የሚያግድ ብረትም አላየሁም። እኛ አገር ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሦስቴ «ሒሳብ» ሳይል አይንቀሳቀስም። «ማን ነው የሚቆጣጠረው?» አልኳት።

«ራስህ ነሃ! ግን አንዳንዴ በድንገት ይገባሉ። ያን ቀን ትኬት ከሌለህ ጉድህ ፈላ» አለችኝ።

ቤቷ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሽሮው በመጣበት ቀን ሳያድር ተሠራ፤ ጎመንና ምስር ተጨመረበት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎንም አደከምኩ» ስላት ተቆጣች። «እርስዎ ይለኛል እንዴ! እዚህ አገር ለአለቃውም ለዘበኛውም አንተ ነው። እትዬ ካልከኝ በቂዬ ነው።»

ልጇ ሊያ ከሥራ ገብታ ጨበጠችኝና፣ «ሞገስ፣ እንዴት ነህ? መንገዱ ጥሩ ነበር?» አለች። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። ጋሼ አላለችኝም፣ አንቱም አላለችኝ። ለአንድ ቀን ያህል ከበደኝ፤ ከዚያ ለመድኩት።

ከመተኛቴ በፊት ኮሪደሩ ላይ የኢንተርኔት ሳጥኗ መብራቷን ብልጭ ድርግም ስታደርግ አየሁና ነቀልኳት። ቤታችን ማታ ማታ ሁሉ ነገር ይነቀላል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል እየመጣ ስንት ቴሌቪዥን በልቷል። እንግዳ ሆኜ በመጥቀሜ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኞ

ጠዋት ሊያ ጸጉሯን ሳታበጥር የተኛሁበት ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። «ሩተሩን አንተ ነህ የነቀልከው?»

«አዎ፣ እንዳይቃጠል ብዬ።»

«ናይ፣ ናይ፣ ሞገስ! እሱ አይነቀልም። ኢንለቬሪንግ ነበረኝ፣ በኔቱ ማስገባት ያለብኝ የቤት ሥራ! ኮምፒውተሩ ሌሊት ራሱ እንዲልከው አድርጌ ነበር የተኛሁት።» ናይ ማለት አይ ማለት ነው፤ እነ ሊያ ከአማርኛው አይ ይልቅ እሱ ይቀናቸዋል። ይቅርታ ጠየቅሁ። እትዬ የሺ ከኩሽና ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

ምሳችንን ከቤት ቋጠርን። ማትፓከ ይሉታል፤ ስስ ዳቦ ላይ ቲማቲምና አቮካዶ ተቀብቶ፣ በእያንዳንዱ ዳቦ መካከል በልኩ የተቆረጠ ወረቀት ይገባል። ለዚህ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ወረቀት ነው። አገሩ ሀብታም ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ምሳቸውን አየሁና ተጠራጠርኩ።

ትምህርት ቤቱ ኦከርን አካባቢ፣ ክሬን ከተተከለባቸው ሕንፃዎች መካከል ነው። አሰልጣኛችን ኢንግሪድ የምትባል ረጅም፣ ሽበታም ኖርዌያዊት ናት፤ የምታስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። በየሁለት ሰው መደበችን፤ እኔ ከሊያ ጋር ሆንኩ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ስዊች፣ አንድ ለሰርቨር የሚሆን ትንሽ ኮምፒውተርና ገመድ አደለች። እኔ ዕቃውን ተቀብዬ እንደቆምኩ ቀረሁ።

«ምን ጎደለ?» አለች ኢንግሪድ።

«የት ነው የምፈርመው?»

ሴትዮዋ ጥያቄው አልገባትም። ሊያ አስረዳቻት። ኢንግሪድ ጥቂት አሰበችና፣ «ከተሰበረ ሌላ እንሰጥሃለን፤ ካልሰበርክ ደግሞ አልሠራህም ማለት ነው» አለችኝ። እኔ ግን ልቤ ስላላረፈ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የመለያ ቁጥሩን ጽፌ ለራሴ ፈረምኩ።

ከዚያ ስዊቹን አገላበጥኩት። ከኋላ በኩል ማብሪያ ፈለግሁ። የለም። ጎኑን አየሁ፤ ሆዱን አየሁ። በመዳፌ ከዳር እስከ ዳር ዳሰስኩት። ሊያ፣ «ምን ፈልገህ ነው?» ስትለኝ፣ «ማብሪያውን» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የለውም እኮ። ስትሰካው ይበራል፤ በቃ። እንዲጠፋ ተብሎ አልተሠራም።»

ፊቴ ጋለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ሰናይትን አያውቃትም፤ እኔ ግን ደብተሯ ላይ የጻፈችው ታየኝ።

ቀጥሎ የገመድ ጫፍ ማሰር መጣ። ስምንት ቀጫጭን ሽቦ በቀለማቸው ቅደም ተከተል ተደርድረው ትንሽ ፕላስቲክ ጫፍ ውስጥ ይገባሉና በመቆንጠጫ ይጠበቃሉ። ቅደም ተከተሉን ተማሪዎቼን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው በቃል ያስጠናኋቸው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያልኩ እወርደዋለሁ። ጣቴ ግን አልተማረም። ሽቦዎቹ እንደ ጎፈሬ እየተበታተኑ አስቸገሩኝ፤ አሥራ አንድ ጫፍ አበላሽቼ አሥራ ሁለተኛው ሠራልኝ። የተበላሹትን ሌላው ሰው ቅርጫት ውስጥ ሲጥል እኔ የራሴን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩ።

ማክሰኞ

ሊያ ቀድማ ስለወጣች ብቻዬን ሄድኩ። ቶየን ወርጄ መስመር መቀየሩን በትክክል ተወጣሁት፤ ከዚያ ኮራሁና ኦከርን ላይ ሳልወርድ ሊንደሩድ ደረስኩ። እዚያ ወርጄ የመመለሻውን ባቡር ስፈልግ፣ መንገዱ ላይ በረዶው ቀልጦ ሌሊት ስለረጋ አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ በቂጤ ተቀመጥኩ። በዊልቸር የሚገፉ ሽማግሌ ሁሉ አልፈውኝ ሲሄዱ አንዲት ሴት ቆማ አነሳችኝ፤ ጣቢያው በር ድረስም ክንዴን አልለቀቀችም።

ያን ቀን ሰርቨሩን ሠራን። ዌብ ሰርቨር ማለት ድረ ገጽ ይዞ ለጠየቀው ሁሉ የሚያቀርብ ኮምፒውተር ነው። የእኛን ገጽ እኔ ጻፍኩት፤ የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎቼን ስም በአማርኛ ደረደርኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለ ትልቅ ስክሪን የሁሉንም ቡድኖች ሰርቨር ያሳያል፤ የሚሠራው አረንጓዴ፣ የቆመው ቀይ ነው። ውድድሩ እስከ ዓርብ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ መቆየት ነው አለች ኢንግሪድ። የሰናይት ስም በኮምፒውተራችን ስክሪን ላይ ሲታይ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ።

ማታ ሊያ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። እኔ ገመድ ማሰር እየተለማመድኩ የመጨረሻ ሰው ሆንኩ። ጠረጴዛውን አጸዳሁ፣ ወንበሮቹን አስገባሁ። በሩ አጠገብ የጠረጴዛዎቹን ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ቀይ ማብሪያ ነበር። ወደ ታች አደረግሁት፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። አላሰብኩበትም። ስድስት ዓመት ሙሉ የኮምፒውተር ክፍሉን ስዘጋ እንደማደርገው ነው ያደረግሁት።

ረቡዕ

ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር።

ተማሪዎቹ ስክሪኑ ፊት ተሰብስበዋል። ኢንግሪድ ቀዩን ማብሪያ ወደ ላይ መልሳ ኤሌክትሪኩን ለቀቀችው። ያኔ ነው የገባኝ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ማሽኗን ለመሰካት ነካክታው ይሆናል» አለ አንዱ ተማሪ። ሌላው፣ «ሌላ ማን ይሆናል? የኔትወርክ ሰው አያጠፋም» ብሎ ሳቀ። የሊያ እናት እትዬ የሺም የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሊያ አንገቷን ደፍታ ገመድ ትፈታ ነበር።

መናገር ነበረብኝ። አፌን ስከፍት አንዱ «አረንጓዴ!» ብሎ ጮኸ። ከቡድኖቹ ሁሉ በራሱ የተነሳ አንድ ሰርቨር ብቻ ነው፤ የእኛ። ስዊች የተሰጠውን ትእዛዝ በቃሉ ይይዛል፤ «አስቀምጥ» ካልተባለ ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁሉን ይረሳል። ሌሎቹ አላስቀመጡም ነበር። እኔ መብራት በማንኛውም ደቂቃ ከሚሄድበት አገር ስለመጣሁ አንድ መስመር በጻፍኩ ቁጥር አስቀምጥ እላለሁ፤ ሰርቨሩንም ኃይል ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አድርጌው ነበር።

ኢንግሪድ ከክፍሉ ፊት አቁማኝ፣ «ልምድ ማለት ይሄ ነው፤ ከሞገስ ተማሩ» አለች። ተጨበጨበልኝ። ባጠፋሁት ተጨበጨበልኝ! ከዚያ ኢንግሪድ ስለ ሠራተኛዋ ለጽዳት ክፍሉ ኢሜይል እንደላከች ነገረችን። እኔ ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ቅጹ ላይ ስድስት ዓመት ብዬ፣ እንዲህ ያለ የጀማሪ ጥፋት ሠርቼ፣ እንዴት ብዬ።

ማታ ራት ላይ እትዬ የሺ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ማብሪያ ጠፍቶ ሥራ እንደተበላሸ፣ በጽዳት ሠራተኛዋ እንደተሳበበ ብቻ ነገርኳት። ጉርሻዋን መለሰችና ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔም ደርሶብኛል» አለች። «አሁን በኮሙኑ፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ባርነሃገ ነው የማጸዳው፤ ልጆች የሚውሉበት። ያኔ ግን ቢሮ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ኮምፒውተር ተነቅሎ ተገኘ። አልነካሁም። አለቃዬ መጥቶ ሲጠይቀኝ ቋንቋው ስላልነበረኝ የምላት አንዲት ቃል ነበረች፤ ያ፣ ማለት አዎ። አንቺ ነሽ? ያ። ነቀልሽው? ያ። ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱኝ። አሁንም ድረስ ገመድ ሳይ ዞሬው ነው የማጸዳው።»

ሊያ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምታው እንደሆነ አላውቅም። እናቷን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየኝ።

ሐሙስ

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እጄን አወጣሁ። «ማብሪያውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ለምን እንዳጠፋሁም ተናገርኩ፤ የእኛ ሰርቨር የተረፈውና የሌላው የወደቀው ከአንድ ልማድ የመጣ መሆኑንም። ከተነሳሁ አይቀር ብዬ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ስዊች ነክቼ እንደማላውቅም ጨመርኩበት።

ኢንግሪድ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ኮምፒውተሯን ከፍታ ቆማ ጻፈች። «ለጽዳት ክፍሉ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው። ሳልጠይቅ መላኬ የእኔ ጥፋት ነው» አለች። የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችልን፤ ስሜን ሳይሆን የራሷን ስም ነው ያስገባችው። ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ያን ቀን ሁሉም ቡድን እየሠራ ሳለ ቀዩን ማብሪያ በየሰዓቱ ሳታስጠነቅቅ ታጠፋው ጀመር፤ ማን እንዳስቀመጠና ማን እንዳላስቀመጠ ለማየት። በስተመጨረሻ ማጥፋቱን ለእኔ ሰጠችኝ። «በዚህ ልምድ አለህ» አለች፤ ያኔ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሊያን፣ «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ያ። ሩተራችንን የነቀለ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ረቡዕ ጠዋት ነው ያወቅሁት።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ያንተ ነው እኮ። እስከ ዓርብ ዝም ብትል ግን እናገር ነበር፣ ዜርየስት። የምሬን ነው።»

እንደምታደርገው አልተጠራጠርኩም።

ዓርብ

ፈተናው ሁሉንም አፍርሶ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደገና መሥራት ነበር። የገመዱን ጫፍ በሦስተኛው ሙከራ አሰርኩ። ሁለተኛ የወጡት ከእኛ በጣም የሚያንሱ የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ናቸው፤ እኛ አራተኛ ሆንን። ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። የጽዳት ሠራተኛዋን ግን አላገኘኋትም፤ እኛ ሳንገባ ጨርሳ ትሄዳለች አሉኝ። ቢያንስ ፊቷን ሳላይ መመለሴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ እትዬ የሺ ለባለቤቴ ስጦታ ትገዛ ዘንድ ሊንደሩድ ያለው የገበያ ማዕከል ወሰደችኝ፤ ሦስት ሱቅ ዞረን ሹራብ መረጠች፤ ሁለቴ መልሳ ቀየረችው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አስቀደስን። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝና፣ «ኔትወርክ» ስላቸው፣ «እንግዲህ እኛን አገናኙን፤ ልጆቻችን እኮ ከእኛ ጋር አይነጋገሩም» አሉኝ። ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። እትዬ የሺ ለመንገድ ብላ ማትፓከ ቋጥራልኝ ነበር፤ ወረቀቱም አልቀረ።

ከተመለስኩ በኋላ

ማክሰኞ ጠዋት ንብረት ክፍል ሄድኩ። አቶ ታደሰ ሞዴል ሃያ ሁለቱን ዘርግቶ፣ «ቢሰበርስ?» አለኝ።

«ይሰበራል» አልኩት፤ ፈረምኩ።

ካርቶኑን ተሸክሜ አምስተኛ ዓመት ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ ከኪሴ አሥራ አንዱን የተበላሹ ጫፎች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው፤ የማን እንደሆኑም ነገርኳቸው። ከዚያ ስዊቹን ከካርቶኑ አወጣሁና ፊተኛው ወንበር ላይ ወደተቀመጠችው ልጅ ሄድኩ።

«ሰናይት፣ ማብሪያው ከኋላ በኩል ነው ብዬሽ ነበር። ሳላውቅ ነው የነገርኩሽ። ማብሪያ የለውም።»

አላመነችኝም፤ ደግሞም ለምን ታምነኛለች? ሳጥኑን ተቀብላ አዞረችው። ከኋላ በመዳፏ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው፤ ጎኑን አየች፣ ሆዱን አየች። ክፍሉ ሁሉ ቆሞ ያያታል። ደብተሯን ከፍታ የድሮውን መስመር ሰረዘች።

«እውነትም የለውም» አለች። «ታዲያ ማን ነው የሚያበራው?»

«አንቺ» አልኳትና የኤሌክትሪክ ገመዱን ሰጠኋት።